ቃለ ጉባኤ ያዦቹ ይናገራሉ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ሴት አባሎቻችን በራሳቸው አይተማመኑም። ስለዚህ ክበባችን ገንዘብ መድቦ የሁለት ቀን የበራስ መተማመንና የአመራር ሥልጠና ያዘጋጅላቸው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ይህን መካድ አይገባንም። ቃለ ጉባኤውን ይዘን የነበርነውም እኛው ስለሆንን፣ «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለን በገዛ እጃችን ጻፍን።

ማታ ግን መኝታ ክፍላችን ገብተን፣ ሻይ አፍልተን ቁጭ ስንል ከመካከላችን አንዷ «ቆይ፣ ታማሚዎቹ እኛ ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነው። ጸሐፊዎቹ አንዲት አይደለንም፤ ስድስት ነን። ስማችንን ያልጻፍነው ፈርተን ሳይሆን፣ ነገሩ የስድስታችን ብቻ ስላልሆነ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በዚያው ስብሰባ፣ ከሥልጠናው ሐሳብ አስቀድሞ፣ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫ ተካሂዶ ነበር። ለሊቀ መንበርነት ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። አንደኛዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን ነበረች። ተነሥታ «አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ አልችልም፣ ለሌላ ይሁንልኝ» አለችና ተቀመጠች። ወዲያው፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጸሐፊ ሆና ተመረጠች። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ለወንበሩ «አልችልም» ስትል ሁሉም አመናት። ዓመቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ መዝገብ ማደራጀት፣ የቀረ አባል ቤት ድረስ ሄዶ መጥራት ሲሆን ግን «ትችይ ይሆን?» ብሎ የጠየቃት የለም። ለሥራው ትችላለች፣ ለወንበሩ አትችልም ማለት ነው። ከዚያም ያች «አልችልም» ያለችው አንዲት ቃል ተይዛ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለሥልጠናው ሐሳብ ማስረጃ ሆና ቀረበችብን።

ይህ ክበብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የማያውቅ ካለ እንንገረው። የአዳራሽ ፈቃድ የሚለምነው ማን ነው? ከተማሪዎች አገልግሎት ጋር እየተከራከረ ወረቀት የሚያስፈቅደው ማን ነው? ግጥሙን ዘግይቶ ያመጣውን ገጣሚ ሦስት ጊዜ ሄዶ የሚያስታውሰው፣ ይህችን ቡለቲን የሚተይባት፣ በማባዣው ቀለም እጁን የሚያጠቁረው፣ ገጿን እየቆጠረ የሚያጥፋት ማን ነው? መሪነት ማለት ሰውን ማስተባበር፣ ሥራን በጊዜው ማድረስ፣ የተጣላን ማስታረቅ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ስናደርግ ኖረናል። የጎደለን ችሎታው ሳይሆን ስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ በርእሰ አንቀጹ ሥር፣ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ ነው ያለው።

«እንግዲያው እኅታችን ለምን አልችልም አለች?» ትሉናላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው። እንመልስ።

በአገራችን ለልጅ የሚሰጥ ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። ለወንዱ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባልለታል። ለሴቷ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባልላታል። ሁለቱም ተረቶች ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ምድጃ ዳር የወጡ ናቸው። ወንዱ እንግዳ ሲመጣ «ና፣ ሰላም በል፣ የስንተኛ ክፍል እንደሆንክ ንገራቸው» ይባላል። እኛ «ዓይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ እጅ አስታጥቢ» እንባላለን። ወንድ ልጅ ደፍሮ ሲናገር «ጎበዝ» ነው። ሴት ልጅ ደፍራ ስትናገር «ዓይን አውጣ» ናት። በጣም ካስደነቀች ደግሞ «ወንድ ናት!» ትባላለች፤ የሚያስመሰግን ነገር ስትሠራ ከጾታዋ አውጥተው ያመሰግኗታል። «ጨዋ ልጅ» ማለትም የማትሰማ ልጅ ማለት ሆኖ ቀርቷል። የዚህ ሁሉ መደምደሚያ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ነው። ይህን ተረት የነገሩን ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚወዱን አያቶቻችን ናቸው። ሳይወዱ የሚነገር ነገር እኮ እንዲህ ሥር አይሰድም!

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ልጅ ከእግሯ መቆም ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ዝምታን በየቀኑ ስትሠለጥን ኖራ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ንግግርን በሁለት ቀን ትሠለጥናለች። የምስክር ወረቀት ተሰጥቷት፣ ሻይና ኩኪስ ቀምሳ፣ ፎቶግራፍ ተነሥታ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን እጇን ስታወጣ ግን ያው ሳቅ ይጠብቃታል። ሥልጠናው እሷን ነካ እንጂ ሳቁን አልነካውም።

የጊዜም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ለመልቀቂያ ፈተና ስንዘጋጅ ወንድማችን መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ እኛ ውኃ ቀድተን፣ እንጀራ ጋግረን፣ ቡና አፍልተን፣ ሲመሽ ነው ወደ ደብተራችን የምንመለሰው። ይህ የድፍረት ማነስ ነው ወይስ የሰዓት ማነስ? እዚህ ግቢ ስንደርስስ? የሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ የሚጠራው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ወደ ሴቶች መኝታ የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም። በሩም ይዘጋል። ስብሰባው ተጋግሎ ውሳኔ ሊሰጥ ሲል እኛ ደብተራችንን ሰብስበን፣ «ይቅርታ፣ በር ይዘጋብናል» ብለን እንወጣለን። በማግስቱ «ሴቶቹ እኮ አስፈላጊው ሰዓት ላይ የሉም» ይባላል። ኧረ ባካችሁ! ሰዓቱን የመረጠው ማን ነው?

አሁን ወደ ታሪክ እንለፍ፤ ታሪክ የሚጠቀሰው ለማስዋቢያ ሳይሆን ለትምህርት ስለሆነ።

ወንድሞቻችን በየዓመቱ የካቲት 23 እቴጌ ጣይቱን ያነሣሉ። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ የተቃወሙት፣ በ1888 ከጦራቸው ጋር አድዋ የዘመቱት እቴጌ ግጥም ይጻፍላቸዋል። የካቲት 24 ሲነጋ ግን ግጥሙ ይታጠፍና «አንቺ፣ ወንበሮቹን መልሺ» ይመጣል። ጣይቱን ለአንድ ቀን ተውሶ መመለስ ክብር አይደለም።

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ብዙ አይነገርም። በስደትም በእስርም ያለፉ ሴት ናቸው፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አሲናራ ደሴት ወስዶ አስሯቸዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ተውኔት ጻፉ፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ልብ በሉ፦ ፓርላማው ውስጥ በድንገት የተገኘ ድፍረት አልነበረም። ከወንበሩ በፊት የዓመታት ሥራ ነበር። መምህራንን መምራት፣ በጀት ማብቃቃት፣ ከወላጅ ጋር መከራከር ነበር።

ነገር ግን ይህም ይታሰብ። እኒያ አንዲት ሴት ፓርላማ በገቡ በሁለት ዓመቱ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስትን ለትእዛዙ ተገዢ አደረጋት። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ አስገደዳት። አንድ ወንበር ብቻውን ሕግ አይለውጥም ማለት ነው። ያ ሕግ የተለወጠው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆኑ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ሆነ። ለዚህ የደከመው ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። እነዚያ ጠበቆች «መጀመሪያ በራሳችን እንተማመን፣ ከዚያ እንሠራለን» አላሉም። የተደበደበችውን ሴት አቤቱታ እየጻፉ፣ ችሎት እየቆሙ፣ አንቀጽ በአንቀጽ እየተከራከሩ ነው መተማመኑን ያገኙት። ሥራው ቀደመ፣ ድፍረቱ ተከተለ።

የእኛው የተማሪዎች ታሪክስ? በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ ለጭቁኑ ገበሬ ተሟግቷል፤ ይህን እናከብራለን። ያው ትውልድ ግን በመጋቢት 1960 በግቢው ውስጥ የልብስ ትርኢት ሲዘጋጅ ለተቃውሞ ተሰልፎ፣ የመጡትን ሰዎች እየዘለፈ እንቁላል ወረወረባቸው። የባዕድ ባህል ይውደም ነበር ነገሩ። በሱፍ ሙሉ ልብስና በከረባት ላይ ግን የተወረወረ እንቁላል አልሰማንም። የአገር ክብር በሴት ቀሚስ ርዝመት ሲለካ ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም፣ የመጨረሻውም አልሆነ። የሴቶች ጥያቄም «ከትልቁ ጥያቄ በኋላ ይደርሳል» እየተባለ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተሸጋገረ። ዛሬም በእኛ ክበብ አጀንዳ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ተራ ቁጥር ሥር ነው የሚገኘው።

«ዘመኑ ተለውጧል፣ በ2011 ሴቶች ምን ያህል ሥልጣን እንደያዙ አላያችሁም?» የሚለን አይጠፋም። አይተናል፣ ደስም ብሎናል። በጥቅምት 2011 ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በየገጠሩ ያለች ተማሪ ያንን በሬዲዮ ስትሰማ ልቧ ሞቀ፤ የእኛም ሞቆ ነበር። ሆኖም የፍርድ ቤቱ ወንበር በጥር 2015፣ የርእሰ ብሔሩ ወንበር በመስከረም 2017 ወደ ወንዶች ተመለሰ። እዚህ ላይ ማንንም አንወቅስም፤ የሥራ ዘመን ያልቃል፣ ሰው ይለቃል፣ ሌላ ይተካል። የምንለው ይህን ነው፦ ከላይ በአንድ ቀን የተሰጠ ነገር ከሥሩ ተከታይ ረድፍ ከሌለው አይጸናም። ረድፉ ደግሞ የሚሠራው በቤተ መንግሥት አይደለም። እዚህ ነው፤ በክፍል ተወካይነት፣ በክበብ፣ በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊነት ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ካፒቴን የሚያደርገው ምንድን ነው? ድፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ደፋር ሰው ባበረረ ነበር። እሷ ለዓመታት ረዳት አብራሪ ሆና በረራ በረራን እየተካ፣ ሰዓቷ እየተመዘገበ ነው ከግራው ወንበር የደረሰችው። በራስ መተማመኗ በመዝገብ የተጻፈ ነው፣ ይቆጠራል።

እንግዲህ የክርክራችን አስኳል ይኸው ነው፦ መሪነት የሰዓት ሥራ ነው። ስብሰባ የመራ ሰው ስብሰባ መምራት ይችላል። በጀት ያነበበ ሰው በጀት አይፈራም። በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ አፍሮ፣ ነገም ተመልሶ የቆመ ሰው በሕዝብ ፊት መቆምን አይፈራም። ወንድሞቻችን ይህን ሰዓት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፦ በኳስ ቡድን አምበልነት፣ በሰፈር ማኅበር ሰብሳቢነት፣ በእንግዳ ፊት በመናገር። እኛ ያጠራቀምነው የማዳመጥ ሰዓት ነው። እና ሰዓቱን ከልክሎ ሲያበቃ «አይተማመኑም» ማለት፣ ውኃ ሳያሳዩት የኖሩትን ሰው «ዋና አይችልም» ብሎ እንደ መሳቅ ነው።

ይህ ጉዳይ የክበብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገ ተመርቀን የምንወጣበት ዓለም ይኸው ነው። ካቻምና የተመረቀች አንዲት እኅታችን መጥታ አጫውታናለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ መጀመሪያ የተጠየቀችው ስለ ሙያዋ አልነበረም። «አግብተሻል? ለመውለድስ አስበሻል?» ነበር። አብሯት የተፈተነው ወንድ ልጅ ይህን አልተጠየቀም፤ ልጅ ግን እሱም ይወልዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሕጉ መልካም ነው። አንዳንዱ አሠሪ ግን ያንን 120 ቀን አስቀድሞ አስልቶ፣ በሩ ላይ ይመልሳታል። ሥራውን ካገኘች በኋላም ስብሰባ ሲኖር «አንቺ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ያዢልን»፣ እንግዳ ሲመጣ «አንቺ ቡና አስመጪ» ትባላለች። ዕድገት ሲመጣ ደግሞ «የአመራር ልምድ የላትም» ይባላል። እኛ ዛሬ በዚህ ክበብ የምንለምደው ነገር ነገ በመሥሪያ ቤት የሚጠብቀን ነው። ዛሬ ዝም ብለን ቃለ ጉባኤ ከያዝን ለጡረታችንም ቃለ ጉባኤ እንደያዝን እንደርሳለን።

ለዚያ ጠያቂ መልስ የሚሆነው የግል ድፍረት ብቻ አይደለም። ሕጉን ማወቅ ነው። «እኔም ተጠይቄያለሁ» የምትል ሁለተኛ ሴት መኖሯ ነው። ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ ምን ብሎ መከራከር እንደሚቻል ከእኛ ቀድማ የገባች ሴት የምትነግረን መሆኑ ነው። ወንዶቹ ይህን ምክር በሻይ ቤትና በድራፍት ቤት ይቀባበሉታል። እኛ ለብቻችን በር ላይ እንማረዋለን።

አሁን በራሳችን ላይ እንምጣ። ሌላውን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው።

ያች እኅታችን «አልችልም» ስትል ከጎኗ የተቀመጥን እኛ ነበርን። ማንኛችን ነን «ትችያለሽ፣ ተነሺ» ያልናት? የለንም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ በስብሰባ ላይ ደጋግማ ስትናገር፣ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ «ምን ሆና ነው፣ መታየት ፈልጋ ነው» ያልነው እኛ ነን። ከገጠር የመጣችው ልጅ አማርኛዋ ሲሰበር ቀድመን የሳቅነው እኛ ነን፤ ከዚያ ወዲያ አፏን ከፍታ አታውቅም። «በሴት ነጥብ የገባሽ» የሚለው ስድብ ሲወረወርብን አንገታችንን የደፋነው እኛ ነን። መልሱ ግን ቀላል ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የታሪክን ውርስ ለማረም ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ለሴቶች የፈቀደው ውኃ ስንቀዳ ያለፈብንን ሰዓት ቆጥሮ ነው። ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው። አንድ ወንበር «ለሴት» ተብሎ ሲቀመጥልንም በዚያች በአንዲት ወንበር እርስ በርስ የምንጠላለፈው እኛ ነን። ስምንቱን ሌሎች ወንበሮች ቀና ብለን አላየናቸውም።

ስለዚህ ሥልጠናውን እንቃወማለን? ሥልጠናን እንደ ሥልጠና አንቃወምም። አጀንዳ አወጣጥ፣ የንግግር አቀራረብ፣ የሒሳብ ምርመራ የሚያስተምር ቢመጣ ወንዱም ሴቱም ይማር፤ ንግግር አቋራጭ ወንድሞቻችንም የማዳመጥ ሥልጠና ይጠቅማቸዋል። የምንቃወመው በሽታውን በእኛ ላይ ብቻ ፈልጎ፣ መድኃኒቱንም ለእኛ ብቻ አዝዞ፣ ወንበሩን ባለበት የሚተውን ሥልጠና ነው። በዚህ ፈንታ የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

ሀ/ ስብሰባ መምራት በተራ ይሁን። በየስብሰባው ሰብሳቢው ይለወጥ፤ አንድ ወንድ ከመራ ቀጥሎ አንዲት ሴት ትምራ። የሚሳሳት ይሳሳት። እስከ ዛሬም ሳትሳሳቱ አልመራችሁም።

ለ/ ቃለ ጉባኤ መያዝ በዕጣ ይሁን። የወንድ እጅም ብዕር ይይዛል።

ሐ/ የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይለቅ። ወደ መኝታ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ላይ መብራት እንዲገባ ክበቡ በስሙ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤውን እኛ እናረቅቀዋለን፣ ልማዳችን ነው፤ ፊርማው ግን የሁላችን ይሁን።

መ/ ተናጋሪ በተመዘገበበት ተራ ይናገር፤ ሳይጨርስ ማንም አያቋርጠው። የተናገረን ሰው በንግግር ዘዬው የሚያፌዝ ከአዳራሹ ይውጣ።

ሠ/ የዚህች ቡለቲን ርእሰ አንቀጽ በየእትሙ በየተራ ይጻፍ፤ ተያቢዎቿና አባዢዎቿም ስማቸው ይታተም።

ረ/ ለሥልጠናው የተመደበው ገንዘብ ተመርቀው ሥራ የያዙ እኅቶቻችንን በወር አንድ ቅዳሜ ለመጋበዝ ይዋል። መጥተው ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕድገት የሚያውቁትን ይንገሩን።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በሴቶች መኝታ ቤት ማንበቢያ ክፍል እንሰበሰባለን። እያንዳንዷ ተነሥታ ለአምስት ደቂቃ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትከራከራታለች፣ ሦስተኛዋ ትመራለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣል። መሳቅ ክልክል ነው። ከገጠር የመጣሽው እኅታችን፣ በተለይ አንቺ ነይ። አማርኛሽ የአገርሽ ነው፤ ማንም አያርምልሽም። ያች «አልችልም» ያለችው እኅታችንም የመጀመሪያውን ቅዳሜ እንድትመራ ጠይቀናት፣ ሁለት ቀን አስባ፣ «እሺ» ብላናለች።

«ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» የሚል ካለ፣ የጎጃምና የጎንደር፣ የሸዋና የወሎ እናት ባሏ ሲሞትባት እርሻ አሳርሳ፣ ግብር ከፍላ፣ ዳኛ ፊት ቆማ ተሟግታ ልጆቿን ያሳደገችው ከየትኛው ባሕር ማዶ ተምራ ነው? «ወንዱም እኮ ተቸግሯል» የሚል ካለም፣ እውነት ነው፣ ተቸግሯል። አብረን እንውጣ እንጂ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ አይውጣ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ይህ ጽሑፍ ለአዘጋጅ ኮሚቴው አልቀረበም። እኛው ጻፍነው፣ እኛው ተየብነው፣ እኛው አባዛነው፣ እኛው አጠፍነው። ኮሚቴው እንደ ማንኛውም አንባቢ ዛሬ ገና ማንበቡ ነው። ሥርዓት ጥሳችኋል ብትሉን አንከራከርም። ቡለቲኗ ከማን እጅ እንደምትወጣ ግን ለአንድ ጊዜ ይታወቅ። ጥያቄዎቻችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተራ ቁጥር አንድ ሆነው ካልቀረቡ፣ የሚቀጥለውን እትም የሚተይበውም የሚያባዛውም ሌላ ሰው ይፈለግ። ማባዣው ያለበት ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አጠቃቀሙን የሚያሠለጥን ከጠፋ እኛ በሁለት ቀን እናሠለጥናለን፤ የምስክር ወረቀትም እንሰጣለን።

ወንበሩ በተራ! ቃለ ጉባኤው በዕጣ!